ያልተነከረው እጅ

ባለፈው ሳምንት ያቆምኩት ልጄ አመተ ሥላሴ ከነጠላዋ ጥለት ቀድዳ የባሩክን እጅ ያሰረችበት እሑድ ላይ ነው። ያንን ላላነበበ ሰው ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

ጊዜው ጎንደር በጣሊያን እጅ የነበረችበት፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። ባሩክ የወለቃ ልጅ ነው፤ ቤተ እስራኤል። አዘቦት ቀን የጣሊያኖቹን ሕንፃ ድንጋይ ይጠርባል፣ እሑድ ደግሞ ለአራዳ ቡድን መሐል ሜዳ ላይ ኳስ ይጫወታል። እኛ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነን። ባለቤቴ መርጌታ ሐብተ ማርያም ድጓ ያስተምራሉ። የባሩክ ወገኖች እኛን ከነኩ ወንዝ ወርደው መላ አካላታቸውን ሳይነከሩ ቤታቸው አይገቡም። የእኛዎቹ ደግሞ ቡዳ ናቸው እያሉ ይሸሿቸዋል። በዚህ ሁሉ መካከል ነው እንግዲህ ባሩክ እጁ ተሰንጥቆ ሜዳው ዳር ሲወድቅ፣ ልጄ ማንንም ሳትጠይቅ ያሰረችለት። እሱም ለሌላው ሁሉ እንደሚለው «አትንኪኝ» አላላትም።

ወሬው ከልጄ ቀድሞ ቤቴ ደረሰ። ልቤ አላርፍ ቢለኝ ውኃ ልቀዳ ብዬ እንስራዬን አዝዬ አንገረብ ወረድኩ። ባሩክ ወንዙ ዳር ተንበርክኮ አየሁት። እናቱ አገኘሁሽ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ከማዶ ቆማለች። ሌላ ምን ልጠብቅ? ተመልሼ ለልጄ ነገርኳት።

«አየሁት» አልኳት። «እንደ ጭቃ ሲታጠብሽ አየሁት።»

አመተ ሥላሴ የተቀደደውን ነጠላዋን አጥፋ ከትራሷ ሥር አኖረችው። እኔም የዳንኩ መሰለኝ፤ ልጄን ከእሳት ያወጣኋት መሰለኝ።

ደብዳቤው የመጣው በማግስቱ ነው። ያመጣው የቡድኑ በረኛ ኃይለ ጊዮርጊስ ነበር፤ ደጃፍ ላይ ሲቆም ብርሃን የሚከለክል ረጅም ልጅ።

«እትዬ አበቡ፣ ይህን ለአመተ ሥላሴ ይስጡልኝ።»

«ከማን ነው?»

«ከእኔስ አይደለም» አለና እየሳቀ ሄደ። አመነኝ። እናት አይደለሁ?

ወረቀቱን ከጥጥ ሙዳዬ ሥር ደበቅሁት። ላቃጥለው ሞክሬ እጄ እምቢ አለ። የመርጌታ ሚስት ሆኜ ሃያ ዓመት ስኖር ጽሑፍ ሁሉ እግዚአብሔር ያለበት ይመስለኝ ነበርና። ላስነብበው ብል ደግሞ ማንን? በከተማው ፊደል የሚያውቅ ወይ የመርጌታ ደቀ መዝሙር ነው ወይ የመርጌታ ወዳጅ። ምን እንዳለ ሳላውቅ ልተወውም አልቻልኩም። ልጄን ሊያስኮበልላት ይሆን? ይሰድባት ይሆን? ሦስት ቀን እህል አልወርድልሽ አለኝ። በአራተኛው ቀን አመተ ሥላሴን ጠራኋት። አባቷ ወንድ ልጅ ባይወልዱ ፊደል አስቆጥረዋታል።

«ፊደል አስተምሪኝ» አልኳት።

«ምነው እማዬ? በዚህ ዕድሜሽ?»

«አንድ መዝሙር እንኳ ከዳዊቱ በገዛ ዓይኔ አይቼ ልሙት ብዬ ነው።»

ውሸት ነበር። እሷ ግን ከዚያ ከሰነበተባት ሐዘን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ከሰል አነሳችና በትልቁ ጋን ሆድ ላይ መጻፍ ጀመረች። ያ ጋን የወለቃ ሴቶች ሥራ ነው። ማን ያውቃል፣ ያበጀው የአገኘሁሽ እጅ ሊሆን ይችላል። ያኔ አላሰብኩትም።

«ይህ በ ነው። ሁለት መቃን ያለው በር አይመስልም?»

«ይህስ?»

«ተ። መስቀል ነው።»

«መስቀሉንማ አውቀዋለሁ፣ ስሙን ነው የጠየቅሁሽ።»

ሳቀች። «ቀስ በይ እማዬ፣ ፊደል እንደ ዶሮ አይባረርም።»

እሷ ለሥራ ስትወጣ ወረቀቱን አወጣና ከጋኑ ጋር አስተያያለሁ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቃል ከነሕይወቱ ተነስቶ ዓይኔ ውስጥ ገባ። «እናቴ» ይላል። ደነገጥኩ። የማላውቀው ሰው ልጅ እናቴ ብሎ የጠራኝ መሰለኝ፤ ወረቀቱን መልሼ ጥጡ ውስጥ ከተትኩት።

በዚያው ሰሞን ወፍጮ ቤት ወረፋ ስጠብቅ ሴቶቹ ስለ ኳስ ይከራከራሉ። በዚያ ዘመን ሦስት ሰው ቆሞ ሲያወራ ምን ትዶልታላችሁ ይባል ነበር። ሰው እንደ ልቡ የሚጮኸው በእሑድ ሜዳ ብቻ ስለነበር፣ ወሬው ሳምንቱን ሙሉ አያልቅም።

«እንደ ዋኘው ማን አለ?» ትላለች ጎረቤቴ ባንቺአየሁ። «መልኩ ሸጋ፣ አባቱ ነጋዴ፣ ዘጠኝ ጎል! ልጃገረዱ ሁሉ ጎህ ሳይቀድ ፀጉሯን የምትሠራው ለእሱ ነው።»

«ዘጠኙንስ ማን ሰጠው?» አለቻት አንዷ። «ያ የወለቃው አይደለም?»

«ቡዳ ነው ትላላችሁ፣ ደግሞ ትወዱታላችሁ!» አለች ባንቺአየሁ።

«እኔ ምን አውቃለሁ እህቴ! ባለቤቴ ዋኘውን ትከሻው ላይ የተሸከመ ዕለት ሦስት ቀን ሙሉ ያወራልኛል። ስለ ባሩክ ስጠይቀው ግን ቃል አያወጣም። ራሱን ነቅንቆ ዝም ነው የሚለው።»

  እኔ ዱቄቴን ተሸክሜ ስሄድ የዚያ ባሏ ዝምታ ከሸክሙ ይልቅ ከበደኝ።

ደብዳቤውን አንብቤ የጨረስኩት በአምስተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። እየቆጠርኩ፣ እየወደቅሁ፣ እየተነሳሁ። እንዲህ ይላል፦

«ይድረስ ለአመተ ሥላሴ። ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ግን እናቴ ቤት አልገባሁም። እጄን ካሰርሽልኝ ወዲህ ወንዝ ወርጄ አልተነከርኩም። ሕጋችንን ታውቂያለሽ። ልነከር ብዬ ሄጄ ነበር። ተንበርክኬ ውኃውን አየሁትና እጅሽን ከእጄ ላይ ማጠብ አቃተኝ። እናቴ ከማዶ ሆና ስትጠራኝ ዛሬ አልገባም አልኳት። አሁን የማድረው ድንጋይ ጠራቢዎች ዳስ ውስጥ ነው። ከአዘዞ ጋር የምንጫወት ዕለት ዋርካው ሥር ከቆምሽልኝ፣ የሚመጣውን ሁሉ አብረን እንቀበለዋለን። ካጣሁሽ ሐሳብሽን አውቃለሁ። አልቀየምሽም። ወንዝ ወርጄ ታጥቤ እናቴ ቤት እገባለሁ፤ ኳስም ከዚያ ወዲያ አልነካም።»

ከአዘዞ ጋር የሚጫወቱት በማግስቱ ነበር።

ሲታጠብ አየሁት ያልኩት፣ ያን ዕለት መታጠብ ያቃተውን ሰው ነው። ቁጭ ብዬ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት። ጥፋቴን አወቅሁ። ግን አትፍረዱብኝ፤ ወዲያው ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። አንድ እሑድ ብቻ ዝም ብል ነገሩ ሁሉ ያልቃል። እሱ ወደ እናቱ ይገባል፣ ልጄ ትረሳዋለች፣ መርጌታም ሳይዋረዱ ይኖራሉ። አንድ እሑድ ብቻ። ዝም ማለት ደግሞ ኃጢአት ነው ያለኝ የለም።

እሑድ ልጄ «ኳስ አላይም» ብላ ቤት ቀረች። እኔ ግን ሄድኩ። በዕድሜዬ ሜዳ ረግጬ አላውቅም። የሄድኩት ምናልባት ልቧ ተቀይሮ ብትመጣ ልመልሳት ብዬ ነው፤ ስለዚህ ዋርካው ሥር ቆምኩ።

የሰው ብዛት! ጣሊያኖቹ በአንድ ወገን ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የእኛ ሰው ከገመዱ ወዲያ መሬት ላይ ነው፤ ከአዘዞ፣ ከፀዳ፣ ከአይከል ሳይቀር መጥቷል። ጨዋታው ሳይጀመር የተጫዋቾቹን ስም የሚጠሩት አያ ውዱ ናቸው፤ ድሮ ነጋሪት ጎሳሚ የነበሩ ሽማግሌ።

«በረኛ፣ ኃይለ ጊዮርጊስ!» ሰው አጨበጨበ።

«ዋኘው!» አቤት እልልታ! ልጃገረዶቹ እንደ ክረምት ዝናብ ወረዱበት፣ ባርኔጣ ወደ ላይ ተወረወረ። ዋኘውም እጅ ነሳ፤ እውነትም ሸጋ ልጅ ነው።

አያ ውዱ ቀጠሉና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ባሩክ» አሉ።

እልልታ የለም። ጭብጨባ የለም። ያ መሬት ላይ የተቀመጠ ሕዝብ ሁሉ ዝም ብሎ ተነሥቶ ቆመ። አሮጊቱ፣ ነጋዴው፣ ቄሱ፣ ሁሉም። የጣሊያን ወታደሮች ነገሩ ሳይገባቸው ጠመንጃቸውን ጨበጥ አደረጉ። እኔ የመርጌታ ሚስት፣ የልጁን ደብዳቤ የደበቅሁ፣ ዋርካውን ተደግፌ የነበርኩት ቀና ብዬ ቆምኩ። ለወንጌል እንደሚቆም ነበር የቆምነው። አምላኬ ይቅር በለኝ፣ እንዲህ ነበር።

ስለ ኳስ የማውቀው ነገር አልነበረም። ግን ሁሉም ሲሮጥ አንድ ሰው የማይቸኩል መሆኑን ለማየት እውቀት አያስፈልግም። ኳሷ ወደ ሌሎቹ ስትሄድ ትደነብራለች፤ ወደ እሱ ስትመጣ ታርፋለች። ቀና ብሎ ያያል፣ ከዚያ ማንም ወዳላሰበው ቦታ ይልካታል፤ እዚያም ዋኘው ይደርሳል። አዘዞዎች አንድ ቀድመው ነበር። ዋኘው ሁለት አገባ። ሰው ሁሉ ዋኘው ዋኘው ሲል፣ ዋኘው ግን ሁለቱንም ጊዜ ዞሮ መሐል ሜዳ ላይ የቆመውን ሰው አየ። እኔም ያንን አየሁ። ከባሩክ ግራ እጅ አንጓ ላይ የልጄ ነጠላ ጥለት ታስሯል፤ ቀለሙ ለቋል።

እሱ ደግሞ ዋርካውን ያያል። ኳሷ በወጣች ቁጥር፣ ዳኛው በነፋ ቁጥር ያያል። ካየኝም በኋላ ማየቱን አልተወም፤ ከኋላዬ ሰው የቆመ እንደሆነ ብሎ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ዋርካው ዞረ። የልጅቷ እናት ብቻዋን ቆማለች። እኔን እንደ መልስ አነበበኝ። አንገቱን ዝቅ አድርጎ ለታላቅ እንደሚደረገው እጅ ነሳኝ። ከዚያ እጅ መንሣት ይልቅ ስድብ በቀለለኝ።

ሕዝቡ ሜዳውን ሞላው። ተጫዋቾቹን እያፈሰ ትከሻው ላይ አወጣቸው፤ አሸንፈው ወደ አራዳ የሚመለሱት እንዲያ ነው። ባሩክ ወደ ወንዙ በኩል ዞረ። ያን ጊዜ የሆነውን እስክሞት አልረሳም። ያ ሁሉ ግፊያ ሳለ ባሩክ በሚሄድበት በኩል ሕዝቡ እንደ መጋረጃ ተከፈለ። ሰው ነጠላውን ወደ ራሱ ሰበሰበ፣ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ጉያቸው ሳቡ። ቡዳ ነው ብለው አይደለም። የእሱን ሕግ አክብረው፣ ጫፋቸው እንዳይነካው ነው። ዋኘውን በመሸከም የወደደ ሕዝብ፣ ይህንን በአለመንካት ወደደው።

ዋኘው ከሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ያን ሲያይ ጮኸ። «አውርዱኝ! አውርዱኝ እንጂ! እሱ በእግሩ እየሄደ እኔ ፈረስ ነው የምጋልበው?»

ወረደ። ኃይለ ጊዮርጊስም ወረደ። ሁሉም ወረዱ። በዚያ በተከፈለው ሕዝብ መካከል ባሩክ ብቻውን ሄደ፣ ሁሉም ባሉበት ቆመው ሸኙት። ለምን እንደሚሄድ የማውቅ ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። ከተማ ሙሉ ሰው ጫፉ እንዳይነካው የተጠነቀቀለትን ልጅ፣ እኔ ልቡን ከጥጥ ሙዳይ ሥር ደብቄበት ነበር።

እንዴት ቤቴ እንደደረስኩ አላውቅም። ነጠላዬ መንገድ ላይ ወድቋል። አመተ ሥላሴ ጋኑ አጠገብ ተቀምጣ ለነገ የምታስተምረኝን ፊደል ትጽፋለች። ወረቀቱን ሰጠኋት። ዓይኗ ወረደ፣ ወረደ፣ ከዚያ ቆመ።

«መቼ ነው የመጣው?»

«አምስት ሳምንት ሆነው።»

«አምስት ሳምንት።» ከሰሉን አስቀመጠች። ጋኑን አየችው፤ ከላይ እስከ ታች የሁለታችን እጅ ጽሑፍ ነው። «እማዬ፣ መዝሙሩ...»

«አዎ ልጄ።»

«የራሴን ደብዳቤ ነው እንድታነቢ ያስተማርኩሽ?»

 በቁጣ ብታየኝ ደግ ነበር። እሷ ግን ያየችኝ ሕፃን ሆና ጨለማ ውስጥ ስትፈልገኝ በምታየኝ ዓይን ነው።

«ፍርዱ ይቆየኝ» አልኳት። «አሁን ወንዝ ወርዷል። ሩጪ!»

እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ፀሐይ አዘቅዝቃለች። አንገረብ ስንደርስ ከገደሉ ጫፍ ቆምን።

ባሩክ ውኃው ውስጥ ነው፤ ተንበርክኮ እስከ አንገቱ ገብቷል። ከማዶ አገኘሁሽ ነጭ ንጹሕ ልብስ ደረቷ ላይ አቅፋ ትጠብቃለች። አምስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ እየመጣች ስትጠብቅ የቆየችው እዚያ ነው። ፊቷ ደስታ ነው፤ ልጇ ሊመለስላት ነው። 

«ንከረው ልጄ! ፀሐይ ሳትገባ ንከረው እንጂ!»

ምኑን ነው የምትለው ብዬ አየሁ። ግራ እጁን ነው። መላ አካላቱ ከውኃ በታች ነው፣ ግራ እጁ ብቻ ከነጥለቱ ወደ ላይ ተዘርግቷል። ደረቅ ነው። ክንዱ ከድካም ይርበተበታል። ዝቅ ያደርገዋል፣ ውኃው ሊነካው አንድ ጣት ሲቀር መልሶ ያነሳዋል።

«አልቻልኩም እናቴ» አላት። «ልንከረው ስል ይኸው፣ እምቢ ይለኛል።»

ያ የከተማው ሕዝብ ሲቆምለት ያየሁት ጀግና ነው። እዚያ ግን የሁለት እናት ልጅ ይመስል ነበር፤ አንዷ እጁን፣ ሌላዋ አንገቱን የያዘችው።

«ደብዳቤው እኔ ጋ ነበር!» ብዬ ጮኽኩ። ገደሉ ድምፄን መለሰልኝ። «እሷ አላየችውም! እኔ ነኝ የደበቅሁት! በእኔ ፍረድ ልጄ፣ በእሷ አትፍረድ!»

ዞረ። ያየው እኔን አይደለም።

«ዋርካው ሥር ፈለግሁሽ» አላት።

«ዛሬ ነው የደረሰኝ» አለችው። «ከዋርካው አልፌ መጣሁ።»

ሌላ ቃል አልተነጋገሩም። እሱም እጁን እንደያዘው፣ ከፍ እንዳደረገው፣ ቀስ እያለ ወደ እኛ ወደዚህኛው ዳር መውጣት ጀመረ።

ከማዶ አገኘሁሽ ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ። ትረግመናለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን መሬት ቁጭ አለች።  ከዚያ ተነሥታ ልብሱን እንዳቀፈች እስከ ጉልበቷ ውኃው ውስጥ ገባች፤ መካከል ላይ ካለው ሰፊ ድንጋይ አኖረችውና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ሸክላዋን ስትሸጥልን እንዲያ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ አትሰጥም።

«አንቺ ሴት!» አለችኝ። ስሜን አታውቀውም። «ውኃው ይበርዳል። እሱ ደግሞ ከሕፃንነቱ ደረቱን ያመዋል። ሳይደርቅ እንዳይቀመጥ።»

«እሺ እናቴ» አልኳት። እኩያዬ ናት፤ ሌላ የምጠራበት ስም ግን አልመጣልኝም።

ከገደሉ ወርጄ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ ውኃው ውስጥ ገብቼ ከድንጋዩ ላይ አነሳሁት። ልብሱ ገና ይሞቃል፤ የደረቷን ሙቀት ይዟል።